ባክቴሪያው ውስጥ ማን አለ? የአንጀት ቫይረሶችና የትልቁ አንጀት ካንሰር

ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። የሚኖረው ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው አንድም ቀን ሳያመው ይዞት ይኖራል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ሲመረመሩም ይሄው ባክቴሪያ ደጋግሞ ይገኛል። ጥፋተኛ ነው እንዳንል ጤነኛውም ሆድ ውስጥ አለ። ነፃ ነው እንዳንል ካንሰሩ ካለበት አይጠፋም።

አንዳንዱ ዝርያው መርዝ ያመነጫል። በ2009 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባልቲሞር ያሉ ተመራማሪዎች ይህ መርዝ አመንጪ ዝርያ አይጦች ላይ ዕጢ እንደሚያፋጥን አሳይተዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። አላለቀም። መርዝ አመንጪውም ቢሆን ምንም ያልሆኑ ሰዎች ሰገራ ውስጥ ይገኛል።

ዴንማርክ፣ ኦደንሰ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በቅርቡ ነገሩን በሌላ በኩል አዩት። ይህ ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም የሚለውን ተዉትና ባክቴሪያው በውስጡ ምን ተሸክሟል ብለው ጠየቁ። ያገኙት ቫይረስ ነው።

ጥናቱ የተነሳው ከደም ነው። ይህ ባክቴሪያ አንዳንዴ ከአንጀት አምልጦ ደም ውስጥ ይገባና ከባድ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ዴንማርኮች ደግሞ የጤና መዝገባቸው የተሟላ ነው። ማን መቼ ምን እንደታመመ ወደኋላ ሄደው ማየት ይችላሉ። መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ ባክቴሪያው ደማቸው ውስጥ ከተገኘባቸው ሰዎች የተወሰኑት ብዙም ሳይቆዩ የትልቁ አንጀት ካንሰር እንደተገኘባቸው አዩ። ከእነዚህ ሰዎች የተወሰደውን ባክቴሪያ ካንሰር ካልተገኘባቸው ሰዎች ባክቴሪያ ጋር አነጻጸሩት። የካንሰር ታማሚዎቹ ባክቴሪያ ዘረመል ውስጥ የተወሰኑ ቫይረሶች በብዛት ገብተው ተቀምጠው ተገኙ።

በጥቂት ናሙና ላይ የታየ ነገር አያስተማምንም። ስለዚህ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ የተሰበሰበ የ877 ሰዎች የሰገራ መረጃ ላይ ደግመው ፈተሹት። የእነዚህ ቫይረሶች ዱካ በካንሰር ታማሚዎች ላይ የመገኘት ዕድሉ ካንሰር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ሆነ።

እንዲህ ያለ ዜና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲደርስ "ካንሰር አምጪው ቫይረስ ተገኘ" ይሆናል። አልተገኘም። የተገኘው ነገር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን ለእኔ ከዚያ የበለጠ ይገርማል። ለምን እንደሆነ ለማየት እነዚህ ቫይረሶች ምን እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኛን የማያውቁን ቫይረሶች

ቫይረስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ኮቪድ፣ ኤችአይቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ቫይረሶች አብዛኞቹ ግን ከእኛ ጋር ጉዳይ የላቸውም። የሚያጠቁት ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪዮፋጅ ይባላሉ፤ ባጭሩ ፋጅ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915፣ ፓሪስ ይሠራ የነበረው ፊሊክስ ዴሬል ደግሞ በ1917 ስለ እነሱ ጻፉ። ዴሬል ያገኛቸው በጦርነቱ ጊዜ በተቅማጥ የታመሙ ወታደሮች ሰገራ ውስጥ ነበር። ከመነሻው የሰገራ ታሪክ ነው ማለት ነው።

ብዛታቸው ለማመን ያስቸግራል። አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን እስከ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ይገኛሉ። ክሊኒክ ሄደን ሰገራ ስንሰጥ ግን አንዳቸውም አይታዩም። ባለሙያው በማይክሮስኮፑ የሚፈልገው አሜባ፣ ጃርዲያና የትል እንቁላል ነው። ፋጅ ከባክቴሪያም በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ በዓይን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። ዛሬ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚያገኟቸው በዓይን አይተው ሳይሆን በሰገራው ውስጥ ያለውን ዘረመል በሙሉ በማሽን አንብበው ነው።

በዚህ መንገድ ምን ያህል ነገር ሳይታይ እንደኖረ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ2014 ሳን ዲዬጎ ላይ የነበሩ ተመራማሪዎች ቀድሞ የተነበበ የሰገራ ዘረመል መረጃ በኮምፒውተር ሲገጣጥሙ አንድ የማይታወቅ ፋጅ ብቅ አለ። ክራስፋጅ ተባለ። ከዚያ በሌሎች አገሮች መረጃ ውስጥ ፈለጉት፤ በየቦታው ሞልቷል። በሰው አንጀት ውስጥ እጅግ ከተስፋፉት ቫይረሶች አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ማንም አያውቀውም ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ማራባት የተቻለው በ2018 ነው፣ አየርላንድ ውስጥ። የሚያጠቃው ደግሞ የባክቴሮይደስ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎችን ነው።

ፋጅ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። አንደኛው ፈጣኑ ነው፦ ባክቴሪያው ላይ ይጣበቃል፣ ዘረመሉን ያስገባል፣ በውስጡ ይባዛል፣ አፈንድቶት ይወጣል። ሁለተኛው ቀስ ያለው ነው። ይገባል፤ አይገድልም። ዘረመሉን ከባክቴሪያው ዘረመል ጋር ቀላቅሎ ደባል ሆኖ ይቀመጣል። ባክቴሪያው በተከፈለ ቁጥር ደባሉም አብሮ ይባዛል። ኪራዩን ደግሞ አንዳንዴ በዓይነት ይከፍላል፦ ባክቴሪያው ቀድሞ ያልነበረውን ችሎታ ይሰጠዋል። ዴንማርኮቹ ያገኟቸው ቫይረሶች እንዲህ ያሉ ናቸው።

ይህ ተረት አይደለም። ኮሌራን እናውቀዋለን፤ አተት በሚል ስም ሲነገርም ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ሰውን በሰዓታት ውስጥ ውሃ አድርጎ የሚጥለው የኮሌራ መርዝ የባክቴሪያው የራሱ አይደለም። መርዙን የሚሠራው ዘረመል የመጣው ከፋጅ ነው። ይህን በ1996 ሁለት አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች፣ ማቲው ዋልዶርና ጆን መካላኖስ፣ አሳይተዋል። ፋጁ የሌለበት የኮሌራ ባክቴሪያ ያንን መርዝ ማምረት አይችልም። ልጆቻችን የሚከተቡለት ዲፍቴሪያም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ መርዙ የፋጅ ነው።

እንግዲህ "ይሄ ባክቴሪያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። የትኛው ፋጅ ገብቶበታል መባል አለበት። ከዴንማርኮቹ ጥናት እኔ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ቫይረስና ካንሰር፣ የድሮው መንገድ

ቫይረስ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፔይተን ራውስ በ1911 የዶሮ ዕጢ በቫይረስ እንደሚተላለፍ አሳየ፤ ለዚህ ኖቤል የተሸለመው ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የሚከላከለው እሱን ነው።

ኤችፒቪ የሚሠራው በቀጥታ ነው። የእኛን ሴል ሰብሮ ይገባል፣ የሴሉን የዕድገት መቆጣጠሪያ ያበላሻል። ፋጅ እንዲህ ማድረግ አይችልም። የእኛ ሴል ውስጥ ገብቶ የሚባዛበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ከካንሰር ጋር ግንኙነት ካለው መንገዱ ጠማማ ነው፤ በባክቴሪያው በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰን። ክትባት ይሠራለታል ወይ ለሚለው መልሱም ከዚሁ ይመጣል። እንደ ኤችፒቪ የሚከተቡለት ዓይነት ጠላት አይደለም።

የኦደንሰዎቹ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። በ2018 ሁለት ጥናቶች ወጥተው ነበር። ሆንግ ኮንግ ያሉት የ74 የካንሰር ታማሚዎችንና የ92 ጤነኞችን ሰገራ አወዳደሩ። ታማሚዎቹ ላይ የፋጆቹ ዓይነት በዝቶ አገኙት፤ ሁለቱን ወገን ይለያሉ ያሏቸውን 22 የቫይረስ ቡድኖችም ለዩ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ ጤነኛ፣ ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ያለበትና ካንሰር ያለበት ብለው ሰዎችን በሦስት ከፍለው አዩ። ካንሰሩን ለመለየት የረዱት በዋናነት ፋጆች እንጂ የሰውን ሴል የሚያጠቁ ቫይረሶች አልነበሩም። ማብራሪያቸውም ያው ነው፦ ፋጆቹ የባክቴሪያውን ማኅበረሰብ ይቀይራሉ፤ የተቀየረው ማኅበረሰብ አንጀቱን ይነካል።

የቱ ቀደመ?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ። ሁለት ነገር አብሮ ተገኘ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም።

ዕጢ አንጀት ውስጥ ሲያድግ አካባቢውን ይለውጣል። ይደማል፣ ያቆስላል፣ ኦክስጅኑ ይዛባል፣ የሰገራው መተላለፊያ ይጠብባል። በዚህ አዲስ አካባቢ የሚመቻቸው ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ እነሱን የሚከተሉ ፋጆችም አብረው ይበዛሉ። ያኔ ቫይረሱ የካንሰሩ መነሻ ሳይሆን የካንሰሩ ውጤት ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ አመጋገብ፣ ዕድሜ፣ የወሰድነው መድኃኒት ሁለቱንም አንድ ላይ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። የሰገራ ናሙና የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ከፎቶ ቅደም ተከተል አይነበብም።

ሰገራ ውስጥ የተገኘ ቫይረስ ሁሉ ቁም ነገር አለው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። በ2006 የጤነኛ ሰዎች ሰገራ ውስጥ ያሉ የአርኤንኤ ቫይረሶች ሲመረመሩ አንደኛ ሆኖ የወጣው ምን ይመስላችኋል? የቃሪያና የበርበሬ በሽታ ቫይረስ። ተክል ነው የሚያጠቃው። ሰዎቹ ቃሪያ ያለበት ምግብ በልተው በሌላ በኩል ወጣ፣ በቃ። ጥናቱ የተሠራው ሳን ዲዬጎና ሲንጋፖር ነበር። የእኛ ቤት ወጥ ቢመረመር ቁጥሩ ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

ጠንካራ ማስረጃ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ባክቴሪያ ልጥቀስ። አንዳንድ የኢ ኮላይ ዝርያዎች ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ። ይህ መርዝ የአንጀታችን ሴል ዲኤንኤ ላይ የራሱን ዓይነት ጠባሳ ይጥላል፤ ጠባሳው ከሌላ ነገር ጠባሳ ተለይቶ ይነበባል። በ2025 የወጣ ጥናት ከ11 አገሮች የ981 ታማሚዎችን ዕጢ አንብቦ፣ ጠባሳው ከ40 ዓመት በታች በታመሙት ላይ ከ70 በኋላ ከታመሙት በ3.3 እጥፍ በልጦ አገኘው። ጉዳቱም የደረሰው ገና በልጅነት፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ። እዚህ ላይ ባክቴሪያው አሻራውን ዕጢው ዘረመል ውስጥ ጥሎ ሄዷል። ፋጆቹን በተመለከተ እንዲህ ያለ አሻራ እስካሁን አልተገኘም። በባክቴሪያው ውስጥ ምን እንደቀየሩም ገና በላብራቶሪ መታየት አለበት።

ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች ግን አሉ። ደባሉ ፋጅ ባክቴሪያውን ከአንጀት ግድግዳ ጋር ይበልጥ እንዲጣበቅ ወይም የሰውነት መከላከያን እንዲሸሽ ሊረዳው ይችላል። ፋጆች ሰላማዊ ባክቴሪያዎችን ገድለው ለጎጂዎቹ ቦታ ሊለቁላቸው ይችላሉ። ራሳቸውም የሰውነታችንን መከላከያ ሊያስቆጡ ይችላሉ፦ በ2019 የወጣ የአይጥ ጥናት ፋጆች የአንጀት ቁጣን ሲያባብሱ አሳይቷል። የአንጀት ቁጣ ረጅም ዓመት ሲቆይ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ ደግሞ የታወቀ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ጥናት አንድን ጎጂ ኢ ኮላይ ብቻ እንዲገድሉ የተመረጡ ፋጆች የአይጦቹን ዕጢ ዕድገት ቀንሰዋል። ጎጂም ጠቃሚም፣ እንደ ዓይነታቸው።

መድኃኒት ሳጥናችሁን ከመክፈታችሁ በፊት

ከዚህ በመነሳት ፋጅን መሣሪያ ለማድረግ የሚሠሩ አሉ። ፉሶባክቴሪየም የሚባል የአፍ ባክቴሪያ አለ፤ መኖሪያው ድድ አካባቢ ነው። ብዙ የትልቁ አንጀት ዕጢ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፣ የኬሞቴራፒን ኃይልም ያዳክማል። ቻይና ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን ባክቴሪያ ፈልጎ የሚይዝ ፋጅ ከካንሰር መድኃኒት ጋር አጣምረው በ2019 አይጦች ላይ ሞክረው ጥሩ ውጤት አይተዋል። አይጦች ላይ፤ ልብ በሉ።

ፉሶባክቴሪየም ላይ ሌላም ሙከራ አለ፣ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። በ2017 ቦስተን ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ያለበት የሰው ዕጢ አይጦች ላይ ተተክሎ ሜትሮኒዳዞል ሲሰጣቸው የዕጢው ዕድገት ቀነሰ። ሜትሮኒዳዞል ማለት ሆዳችንን ትንሽ ሲቆርጠን ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የምንገዛው ያው ፍላጂል ነው። ከዚህ ተነስቶ "አንጀቴን ላጽዳ" የሚል እንደሚኖር ስለማውቅ ነው የምናገረው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። እንዲያውም እንደ ሲፕሮ ያሉት ባክቴሪያውን ሲያስጨንቁት ተኝቶ የነበረው ደባል ፋጅ ነቅቶ መባዛት ሊጀምር ይችላል፤ ይህ በላብራቶሪ በተደጋጋሚ የታየ ነው። በኮሶ፣ በሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ በፕሮባዮቲክ ወይም "ዲቶክስ" በሚባለው ሻይ ፋጅ መርጦ ማውጣትም የሚቻል ነገር አይደለም።

የኦደንሰዎቹ ተስፋ ሌላ ነው፦ አንድ ቀን ቫይረሶቹን ሰገራ ውስጥ እየፈለጉ ካንሰርን ቀድሞ መለየት። በመጀመሪያው ሙከራ የመረጧቸው የቫይረስ ዘረመሎች ካንሰር ካለባቸው 40 በመቶ ያህሉን ለይተዋል። ለጅማሮ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ በእጃችን ያለው፣ ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልገው ተራ ምርመራ፣ ካንሰር ካለባቸው ከ70 በመቶ በላይ የሆኑትን በአንድ ጊዜ ይይዛል። ፊት (FIT) በሚል የእንግሊዝኛ አጭር ስም ይታወቃል። ዋጋው ውድ አይደለም፣ ናሙናው ቤት ውስጥ ይወሰዳል። ለአሜባ ከሚደረገው የሰገራ ምርመራ ግን የተለየ ነው፤ "ሰገራ ተመርምሬ ነፃ ነኝ" ያለ ሰው ይህን ተመርምሯል ማለት አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ቤተሰቡ ላይ ይህ ካንሰር የሌለበት ሰውም ከ45 ዓመቱ ጀምሮ እንዲመረመር ከ2021 ወዲህ ይመከራል፤ ቀድሞ 50 ነበር። እዚያ ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍነዋል። ወላጅ ወይም ወንድም እህት የታመመበት ሰው ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል። ምርመራው የሚያዋጣው ካንሰሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ከትንሽ ፖሊፕ ተነስቶ ካንሰር እስኪሆን አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁ አንጀት ውስጥ በሚገባ ካሜራ፣ ፖሊፑ ከተነቀለ ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

በዓለም ላይ በ2022 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ካንሰር ተገኝቶበታል፤ ከ900 ሺህ በላይ ሞተዋል። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከወንዶች ካንሰር ግንባር ቀደሙ ይሄ ነው። አገር ውስጥ ለሁሉም የሚደርስ መደበኛ ቅድመ ምርመራ የለም። ብዙው ታማሚ ሆስፒታል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ኪንታሮት ነው። ደም ሲታይ መጀመሪያ የሚባለው "ኪንታሮት ነው" ነው። በየስልክ እንጨቱ ላይ "ኪንታሮትን ያለ ቀዶ ሕክምና" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰው ያፍራል፣ ለሐኪም ከማሳየት ቅባት መግዛት ይቀለዋል።

ደሙ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ኪንታሮት ነው። ግን ኪንታሮትና ካንሰር አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፣ ቅባቱ ደግሞ ሁለቱን አይለይም። ደም ከሰገራ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ፣ የሰገራ ልማድ ለሳምንታት ከተቀየረ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም ትልቅ ሰው ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ከተገኘ ሐኪም በጣቱም በካሜራም ማየት አለበት። ዕድሜ 30ዎቹ ውስጥ መሆን ከዚህ አያስመልጥም።